ተቀጥሮ መገለል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከኮምቦልቻና ከደሴ የደረሱን ደብዳቤዎች ከተለያየ መሥሪያ ቤት ቢመጡም የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው። ሠራተኛው ተቀጥሯል፣ ደመወዙም በሰዓቱ ይከፈለዋል፤ የሥራ ፍላጎቱ ግን ወርዷል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ስለ አካታችነት የሚሰጥ ስልጠና እንድንጠቁማቸው ነው የፈለጉት። ስልጠናው መጥፎ አይደለም። ከዚያ በፊት ግን የፈረቃ ዝርዝሩን፣ የትርፍ ሰዓት መዝገቡንና የጠዋቱን ስብሰባ ይዩልን። ሠራተኛ መፈለጉን ወይም አለመፈለጉን የሚረዳው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ኃይል ባለሙያ ነኝ። ባለፈው ዓመት መስማት የተሳናቸው ኦፕሬተሮች ቀጥረን ነበር። መጀመሪያ ላይ ከብዙዎቹ ይበልጡ ነበር። አሁን ምርታቸው ወርዷል፣ መቅረት አብዝተዋል፣ የለቀቁም አሉ። ሱፐርቫይዘሮቹ «ሥራው ሰልችቷቸዋል» ይላሉ። አንዷ ኦፕሬተር ምልክት ቋንቋ ስለምትሞክር መልእክት የምናስተላልፈው በእሷ በኩል ነው። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ «ሰልችቷቸዋል» የሚለውን ከመቀበልዎ በፊት በቁጥር ይፈትሹት። ለአንድ ኦፕሬሽን፣ ማለትም ለአንድ የስፌት ደረጃ፣ የተመደበው መደበኛ ጊዜ 0.6 ደቂቃ ቢሆን፣ በ8 ሰዓት ማለትም በ480 ደቂቃ ውስጥ መቶ በመቶ የሚባለው 800 ፍሬ ነው። 560 የሠራች ኦፕሬተር 70 በመቶ ላይ ናት። ይህን ስሌት አዲስ ስታይል (አዲስ የልብስ ዓይነት) ከገባበት ቀን ጀምሮ ለ5 የሥራ ቀናት በየኦፕሬተሩ ይሥሩት። አዲስ ስታይል ሲገባ የሁሉም ሰው ምርት ይወርዳል። ማየት ያለብዎት ማን በስንት ቀን እንዳገገመ ነው። ሌሎቹ በሦስተኛው ቀን ወደ ቀድሞ ቦታቸው ሲመለሱ መስማት የተሳናቸው ብቻ ወደ ኋላ ከቀሩ፣ ስታይሉ ሳይቀየር በቆየባቸው ሳምንታት ግን ከሌላው እኩል ወይም በላይ ከሠሩ፣ ጉዳዩ መሰልቸት አይደለም። መረጃው እየደረሳቸው አይደለም።

መረጃው የሚጠፋው ደግሞ ጠዋት ነው። ማሽን ከመነሳቱ በፊት ሱፐርቫይዘሩ ቆሞ በሚናገርባት 5 ደቂቃ ውስጥ የዕለቱ ታርጌት፣ የተቀየረ የስፌት ስፋት፣ ትናንት ከክዋሊቲ (ከጥራት ቁጥጥር) የተመለሰ ሥራ፣ ትርፍ ሰዓት መኖር አለመኖሩ ሁሉ አለ። ምልክት ቋንቋ የምትሞክረው ባልደረባ የራሷ ታርጌት ይጠብቃታል፤ ስለዚህ ያን ሁሉ «ዛሬ ሥራ ብዙ ነው» በሚል ሁለት ምልክት ታልፈዋለች። ከሰዓት በኋላ አንድ ጥቅል ሙሉ በአሮጌው ስፋት ተሰፍቶ ይገኛል። ይፈታል፣ እንደገና ይሰፋል፣ ይህም ከመጀመሪያው ስፌት ይልቅ ጊዜ ይፈጃል። የላይኑ (አብሮ የሚሰፋው ረድፍ) ቦነስ ይወርዳል፣ ጎረቤቶቿ ያኮርፏታል፣ እሷ ግን ለምን እንደተኮረፈች የሚነግራት የለም። ይህ በወር ሦስት አራት ጊዜ ከደረሰባት መቅረት ብታበዛ ምን ይገርማል?

ማስተካከያው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በየላይኑ ራስ ላይ ነጭ ሰሌዳ ይስቀሉና የስታይሉን ቁጥር፣ የሰዓቱን ታርጌት፣ ዛሬ የተቀየረውን ነገርና ትርፍ ሰዓት መኖር አለመኖሩን ይጻፉበት። «ዛሬ የተቀየረው» የሚለው ሁልጊዜ በቀይ ይጻፍ። ማንበብ የማይችሉም ስላሉ ከጽሑፉ ይልቅ ናሙናው ይሠራል፤ የጸደቀውን ቁራጭ ከማሽኑ አጠገብ ያንጠልጥሉ፣ የተበላሸውን ደግሞ ስህተቱ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው ከጎኑ ያድርጉት። ይህ ለሚሰሙትም ይጠቅማል። በማሽን ጩኸት ውስጥ የተነገረውን ግማሹን የሚሰማው ማን ነው?

መቀመጫቸውን ሱፐርቫይዘሩ የሚመጣበትን አቅጣጫ በሚያዩበት ቦታ ያድርጉ። መርፌው እየሠራ ከኋላ መጥቶ ትከሻ መንካት ጣት ያስወጋል፤ ፊት ለፊት እጅ ማወዛወዝ ወይም ጠረጴዛውን መታ መታ ማድረግ ይሻላል። የእሳት ማስጠንቀቂያው ደወል ብቻ ከሆነ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ዛሬውኑ ይግባ። መፀዳጃ ቤቱም አይረሳ። ደወል የማይሰማ ሰው ብቻውን የሚሆነው እዚያ ነው።

ምልክት ቋንቋውን በተመለከተ፣ ለሱፐርቫይዘሩ፣ ለክዋሊቲ ተቆጣጣሪው፣ ለመካኒኩና በግራ በቀኝ ለሚቀመጡት ኦፕሬተሮች በሳምንት ሁለት ቀን 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ግን ከሥራ ሰዓት ላይ ተቆርጦ። ከምሳ ሰዓት ከወሰዱት በሁለተኛው ሳምንት ሰው አይመጣም። የሚያስተምሩት ራሳቸው መስማት የተሳናቸው ሠራተኞች ቢሆኑ፣ ለሰዓቱም ቢከፈላቸው እንመርጣለን። 50 ያህል ምልክት የዕለት ሥራን ይሸፍናል፦ ክር አለቀ፣ መርፌ ተሰበረ፣ አቁሚ፣ ፍቺው፣ ጎበዝ፣ አመመኝ፣ ፈቃድ፣ ደመወዝ፣ ነገ፣ ትርፍ ሰዓት፣ ይቅርታ። «ጎበዝ» የሚለውን እንዳይዘሉት። ለዲሲፕሊን ጉዳይ፣ ለውል ፊርማና ለደመወዝ ቅሬታ ግን ባልደረባን አስተርጓሚ ማድረግ ተገቢ አይደለም፤ ምስጢርም አይጠበቅም፣ ትርጉሙም ይዛባል። ለእነዚህ ባለሙያ አስተርጓሚ ይጥሩ።

ሁለት ነገር አያድርጉ። አንደኛ፣ ታርጌታቸውን በአዘኔታ ዝቅ አያድርጉ። ሠራተኛዋ ዝቅ እንዳደረጉባት ታውቃለች፣ ጎረቤቷም ያውቃል፣ ሁለቱም ይከፋቸዋል። ሁለተኛ፣ ሁሉንም በአንድ ላይን አይሰብስቧቸው። ለቁጥጥር ቢመችም፣ ካፍቴሪያ ውስጥ ለብቻ እንደመቀመጥ ያለውን መገለል ወደ ሥራው ቦታ ማምጣት ነው። ሁለት ሁለት አድርጎ በየላይኑ መመደብ ይሻላል። አንድ ሰው ለብቻው ይጨነቃል፣ ሁለት ሲሆኑ ግን እርስ በርስ ይጠያየቃሉ።

አለቃዎ «ይህ ሁሉ ግዴታ ነው ወይ?» ካሉ፣ ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተስማሚ የሥራ ሁኔታና መሣሪያ እንዲያመቻች ያስገድዳል። ግን ለአለቃዎ መጀመሪያ የሚያሳዩት የ5 ቀኑን ስሌት ይሁን። ተፈቶ እንደገና የተሰፋው ሥራ ስንት ደቂቃ እንደበላ ያዩ ሥራ አስኪያጅ ሰሌዳውን ራሳቸው ይገዙታል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ባለ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። በሦስት ፈረቃ ነው የምንሠራው። ረመዳን ሲገባ ለኢፍጣር ሰዓት ሳስተካክል ክርስቲያኖቹ «ለእነሱ ታደላለህ» ይሉኛል፤ ለፋሲካ ሌሊት ሳስተካክል ደግሞ ሙስሊሞቹ ያንኑ ይላሉ። ሁሉም ወንድምና እህት ናቸው፣ ከሥራ ውጭ አብረው ነው የሚውሉት። ፈረቃ ዝርዝር ላይ ሲደርስ ግን ፊታቸው ይጠቁራል።

መልስ፦ የሥራ ባልደረቦችዎ እርስ በርስ ተጣልተው አይደለም የሚያኮርፉት። ሰው የሚለካው ደመወዙን ብቻ አይደለም፤ ያፈሰሰውን ድካምና ያገኘውን ነገር ከጎኑ ካለው ሰው ድካምና ድርሻ ጋር ያስተያያል። ጆን ስቴሲ አዳምስ የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ይህን በ1963 እ.ኤ.አ. በንድፈ ሐሳብ መልክ አስቀምጦታል፦ ሚዛኑ የተዛባ ከመሰለው ሠራተኛው ወይ ድካሙን ይቀንሳል፣ ወይ ይለቃል። እርስዎ ያደረጉት ማስተካከያ ትክክል ነው። የጎደለው፣ የማስተካከያው ደንብ በግልጽ ተጽፎ ለሁሉም አለመታየቱ ነው። ማስተካከያው በእርስዎ ቸርነት የመጣ ሲመስል ቀሪው ወገን የተነፈገ ይመስለዋል።

ፈረቃዎ ከንጋቱ 12 እስከ ቀኑ 8፣ ከ8 እስከ ምሽቱ 4፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ነው ብለን እንነሳ። ኢፍጣር የሚወድቀው በሁለተኛው ፈረቃ ላይ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ። የሁሉንም እረፍት ወደ 12 ተኩል ቢገፉት ማሽን ይቆማል፣ የማይጾመውም ያለ ምክንያት ይራባል። እረፍቱን ለሁለት ይክፈሉት፦ 11 ሰዓት ላይ የማይጾሙት 30 ደቂቃ ይወጣሉ፣ የሚጾሙት ይሸፍኗቸዋል፤ 12 ሰዓት ከ25 ላይ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሁሉም ያገኘው ያው 30 ደቂቃ ነው። ፈጽሞ ማቆም በማይቻልበት ማሽን ላይ ላለ ሰው ተምርና ውሃ በአቅራቢያው ይቀመጥለትና፣ ተተኪ ሲመጣ ሙሉ እረፍቱን ይውሰድ። የዓርብ ጁምዓም በዚሁ መንገድ ይሠራል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 ይዘጋሉ፤ ፋብሪካ ይህን ባይችልም የምሳ ተራን በዚያ ሰዓት ማለዋወጥ ይችላል።

የኮምቦልቻን ሙቀት አይርሱ። በእንፋሎት ካውያና በቦይለር አካባቢ የሚሠራ ጾመኛ ውሃ አይቀምስም። በመጀመሪያው ፈረቃ ከባዱን ሥራ ወደ ማለዳው ያምጡት፣ በሁለተኛው ፈረቃ ከኢፍጣር በኋላ ያድርጉት። ማዞርና ራስ ምታት ሲጀምር ሠራተኛው እንዳይደብቅ አስቀድመው ይንገሩ። የሚደብቀው «ጾመኛ ስለሆነ ነው» ተብሎ ከትርፍ ሰዓት እንዳይሰረዝ ፈርቶ ነውና፣ እንደማይሰረዝም ጨምረው ይንገሩት።

ለበዓላት የ«ማን ለማን ሸፈነ» መዝገብ ይክፈቱ። የፋሲካን ሌሊት ሙስሊሞቹ፣ የዒድን ቀን ክርስቲያኖቹ ቢሸፍኑ፣ በወሎ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ግን በፈቃድ ይሁን፣ ይፈረምበት፣ በሩብ ዓመቱም ተደምሮ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ሸፍኖ አንድም ጊዜ ካልተሸፈነለት መዝገቡ ያሳይዎታል። ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ቀደም ብሎ ስለሚመጣ የአምናውን የፈረቃ ዝርዝር መገልበጥ አይሠራም፤ ከአንድ ወር በፊት አዲስ ያውጡ። ነፍሰ ጡሮችን በሽፋኑ ውስጥ ሲያስገቡ ይጠንቀቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ባለው ሰዓት እንዲሁም በትርፍ ሰዓት ነፍሰ ጡርን ማሠራት ክልክል ነው፣ እሷ ብትስማማም።

ስለ ድግስ ባይጠይቁንም እናንሳው፤ ቅሬታ የሚያድርበት ቦታ ነውና። ሠርግ ላይ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ወጥ ቤት መለየትን የማያውቅ ወሎዬ የለም። የፋብሪካ ግብዣ ላይ ግን ምግቡ በጨረታ ስለሚሰጥ አሸናፊው ለዋጋ ብሎ በአንድ ያሳርዳል፣ ከሠራተኛው ግማሹ ለስላሳ ይዞ ይቀመጣል። በጨረታ ሰነዱ ላይ ሁለት እርድ፣ የተለየ ድስት፣ የተለየ ቢላና ጭልፋ ብለው ያስገቡ። ወጡ በትክክል ተሠርቶ በአንድ ጭልፋ ሲቀዳ የሚበላሽበት ጊዜ ብዙ ነውና፣ ሁለቱ ጠረጴዛዎች ይራራቁ፣ ምልክትም ይኑራቸው። ቀኑም ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ላይ አይዋል።

ጥያቄ፦ ደሴ በሚገኝ የግል ድርጅት የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ከወሊድ ፈቃድ ስመለስ ይዤው የነበረው የደንበኞች ሒሳብ ለሌላ ተሰጥቶ ጠበቀኝ። ስልጠና ሲመጣም አልጠራም። ኃላፊዬ ክፉ ሰው አይደሉም፤ «እንዳትደክሚ ብለን ነው» ይሉኛል። ደመወዜ አልተነካም። ግን ጠዋት ተነስቼ ለመሄድ እግሬ ይከብደኛል። ምስጋና ቢስ ሆኜ ይሆን?

መልስ፦ አይደሉም፣ እህታችን። በደግነት የመጣ መገለል ለመቃወም ስለሚያሳፍር ይበልጥ ይጎዳል። ደመወዝ ሳይጎድል ሥራው ሲቀንስ ሰው የሚያጣው ብዙ ነገር አለ፤ ችሎታው ይዝጋል፣ በዕድገት ውድድር ላይ የሚያሳየው ውጤት አይኖረውም። ፍሬደሪክ ኸርዝበርግ በ1959 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ቅሬታን እንደሚቀንሱ፣ ሰውን ለሥራ የሚያነሳሱት ግን ሥራው ራሱ፣ ኃላፊነትና ውጤት መሆናቸውን ይገልጻል። የእርስዎ ደብዳቤ ይህንኑ ነው የሚናገረው።

ለኃላፊዎ የ20 ደቂቃ ቀጠሮ ይጠይቁ፤ በኮሪደር ላይ አይሁን። ማማረር ሳይሆን የተወሰነ ጥያቄ ይዘው ይግቡ፦ የትኞቹ ደንበኞች፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ፣ በምን ርክክብ እንዲመለሱ እንደሚፈልጉ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ካልሆነ በመጀመሪያው ወር ሁለት ትልልቅ ደንበኞች፣ በሁለተኛው የቀሩት ይበሉ። «ድካሜን የምናገረው እኔ ልሁን፤ ስልጠና ሲመጣ መጀመሪያ ይጠይቁኝ፣ ካልቻልኩ እኔው አልችልም እላለሁ» የሚለውን እንዲሁ በለዘበ ቃል ይንገሩ። ከስብሰባው በኋላ የተስማማችሁበትን በአጭር ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ያስቀምጡ። በአንድ ወር ለውጥ ከሌለ በጽሑፍ ቅሬታ ያቅርቡ። አዋጅ 1156/2011 በፆታ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ ቅሬታ ማቅረብም ሆነ የቤተሰብ ኃላፊነት ለስንብት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ይህን ለሚያነቡ ኃላፊዎች፦ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ እንዳለ ስለሚታወቅ መመለሻውን ከመውጣቷ በፊት አብራችሁ ጻፉት። ሥራዋን የሚይዘው ሰው «ተጠባባቂ» ተብሎ፣ የሚያስረክብበት ቀንም ተጽፎ ይያዝ፤ አለዚያ ሥራው ወደ እሷ ሲመለስ የተነጠቀ ይመስለዋል። ለምታጠባ እናት ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል፣ ወንበርና የእጅ መታጠቢያ ያስፈልጋል፤ መፀዳጃ ቤት ለዚህ አይሆንም። በየ3 ሰዓቱ 20 ደቂቃ ገደማ ይበቃል። የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ 4 ቀን ይቆያል።

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ቢሯችን መግቢያ ላይ ሦስት ደረጃ አለ። በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ባለሙያ ቀጥረናል። ግንበኛው «በአንድ ቀን ራምፕ (ተዳፋት መወጣጫ) እሠራለሁ» ይላል። እንመነው?

መልስ፦ ርዝመቱን ሳይነግራችሁ አትመኑት። መለኪያው 1 ለ12 ነው፤ ለ1 ሴንቲሜትር ከፍታ 12 ሴንቲሜትር ርዝመት ማለት ነው። እያንዳንዱ ደረጃ 15 ሴንቲሜትር ከሆነ ከፍታው 45 ሴንቲሜትር፣ ራምፑ ደግሞ 5 ሜትር ከ40 ይሆናል። አብዛኛው ግንበኛ ሁለት ሜትር ሠርቶ ይጨርሳል፤ እሱን ሰው ገፍቶ ካላወጣው አይወጣም፣ ሲወርድም ወደ ፊት ይደፋል። ስፋቱ ከ90 ሴንቲሜትር አይነስ፣ ከላይ በሩ ፊት 1 ሜትር ከ50 ጠፍጣፋ ቦታ ይኑር፣ በሩ ሲከፈት ቢያንስ 80 ሴንቲሜትር ይለቅ። የደሴ ዝናብና ጉም ለስላሳ ሲሚንቶን አንሸራታች ስለሚያደርገው ገጹ በመጥረጊያ ይሻክር። ከዚያ መፀዳጃ ቤቱን ሄዳችሁ ለኩ፣ በሩም ወደ ውጭ ይከፈት። ስብሰባና ቡና የምትጠጡበት ክፍል ፎቅ ላይ ከሆነ ወደ ምድር አውርዱት፤ አለዚያ ባልደረባችሁ ውሳኔውን ሁሉ ከሌላ ሰው ነው የሚሰማው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ፣ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። የሠራተኛ እርካታ መጠይቅ አሰራጭተን ሁሉም «በጣም ጥሩ» ብሎ መለሰ። በወሩ ብዙ ሰው ለቀቀ። ምን ላይ ተሳሳትን?

መልስ፦ መጠይቁን የሰበሰበው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። የላይን ሱፐርቫይዘሩ ከሆነ መልሱ ከመጀመሪያውም የታወቀ ነበር። ኤሚ ኤድመንድሰን በአንድ አምራች ኩባንያ 51 የሥራ ቡድኖች ላይ ሠርታ በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ጥናት፣ ሰው ስህተትንና ችግርን ሳይፈራ በሚናገርበት ቡድን ውስጥ መማማርና መሻሻል እንደሚበልጥ አሳይቷል። ፍርሃት ባለበት ቤት የወረቀት መጠይቅ የሚለካው ፍርሃቱን ነው።

እንደገና ሲያደርጉት ከ8 ጥያቄ አይብለጥ። «በሥራዎ ረክተዋል?» አይበሉ፤ ባለፈው ወር የሆነውን ይጠይቁ፦ ትርፍ ሰዓት ሲኖር በጊዜ ሰምተዋል? ፈቃድ ጠይቀው ያለ ምክንያት ተከልክለዋል? በአነጋገርዎ፣ በመጡበት ገጠር ወይም በእምነትዎ ተቀልዶብዎታል? ስህተት ሲያዩ ለአለቃ ተናግረዋል? መልሱ በሦስት የፊት ሥዕል ይሁን፤ የእጅ ጽሑፍ ያስታውቃል፣ ማንበብ የማይችሉትንም ያስቀራል። ጥያቄውን ከሌላ ክፍል የመጣ ሰው ያንብብላቸው፣ ወረቀቱ በተቆለፈ ሳጥን ይግባ። ውጤቱን በፆታ፣ በፈረቃና በቆይታ ይለዩት፤ ከ10 ሰው ያነሰ ቡድንን ግን ለብቻው አያውጡ፣ ማን ምን እንዳለ ይታወቃልና። ድምር አማካዩ አያታልልዎ። 9 ሰዎች ደስተኛ ሆነው አንዱ በየቀኑ የሚዋረድበት ላይን አማካዩ ያምራል።

ከመጠይቁ ይልቅ እውነቱን የሚያወጣው በእጅዎ ያለው መዝገብ ነው። ያለፉትን 6 ወራት የትርፍ ሰዓት ዝርዝር ያውጡና ማን ስንት ሰዓት እንዳገኘ ይደምሩ። በሕጉ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ ተመሳሳይ ስሞች ሁልጊዜ ጣሪያው ላይ፣ ሌሎቹ ዜሮ ላይ ከሆኑ አንድ ሱፐርቫይዘር ለወዳጆቹ እያከፋፈለ ነው። ከዚያ የለቀቁትን በቆይታቸው ይለዩ። የለቀቁትን ቁጥር ለአማካይ የሠራተኛ ቁጥር አካፍለው በ100 ያባዙ፤ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራትና ከዚያ በኋላ ላለው ለየብቻ። አዲሶቹ ብቻ ከበዙ ችግሩ አቀባበሉ ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ማን ምሳ አብሯቸው እንደበላ፣ ማን ማሽን እንዳሳያቸው ይጠይቁ። ነባሮቹ ከበዙ የዕድገትና የስልጠና ዝርዝሩን ይክፈቱ። ደመወዙ ከአካባቢው ፋብሪካዎች ያነሰ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አይተካውም፤ መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ።

ውጤቱን በ2 ሳምንት ውስጥ በሦስቱም ፈረቃ ፊት ራስዎ ያንብቡ፤ ለሌሊቱ ፈረቃም ራስዎ ይሂዱ። ሁለት ነገር መርጠው የሚስተካከሉበትን ቀን ይናገሩ፣ ከሁለት አይበልጡ። የትርፍ ሰዓት ተራን በግድግዳ ላይ መለጠፍ አንዱ ቢሆን ጥሩ ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሠራተኛው ራሱ ሄዶ ስሙን ፈልጎ ያያል።